ጋሽ ተሰማን ወፍ ብዬ የመዘገብኩ ጊዜ

ሰው ሲሳሳት ሰውን በሰው ይሳሳታል። ከኋላ አይቶ «ከበደ!» ብሎ ትከሻውን መታ ያደርጋል፤ የማያውቀው ፊት ሲዞርበት ይቅርታ ጠይቆ ያልፋል። ይሄ በማንም ይደርሳል። እኔ ግን ሰውን በወፍ ነው የተሳሳትኩት። ያውም የማላውቀውን ሰው አይደለም፤ ከቤቴ መቶ እርምጃ የማይርቁትን፣ የሠርጌን ሱፍ የሰፉልኝን ጎረቤቴን ጋሽ ተሰማን ነው። በአፌ ብቻ ቢሆን ደግሞ «አፍ ነው፣ ይስታል» ይባልልኝ ነበር። ቅጽ ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ፎቶ አንሥቼ ነው የላክሁት። ቅጹ መጨረሻ ላይ «ይራባል ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበረ። «አዎ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ራይት አድርጌያለሁ። ጋሽ ተሰማ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው።

ባለቤቴ አስቴር «ይሄን ነገር ለሰው እንዳታወራ» ብላኝ ነበር። እሷ ራሷ ግን ለጌጃ ሰፈር አውርታ ስለጨረሰች የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ነገሩ የተጀመረው መሥሪያ ቤት፣ በሻይ ሰዓት ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የመዝገብ ቤት ሰው ሲያወራ የሚሰማው የለም፤ ስሙ የሚነሣው ፋይል ሲጠፋ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ከፕላን ክፍል ትርሲት አብራን ተቀምጣለች። ትርሲት ወፍ የምትወድ ልጅ ናት፤ ማኅበርም አላቸው። «በከተማው ውስጥ የሚራቡ ወፎችን የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች እየፈለግን ነው» አለች። «በዓይን እያዩ፣ በድምፅ እየለዩ መመዝገብ ነው።»

ጠረጴዛውን የከበብነው አምስት ሰዎች ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ሻያችንን አየን።

«ድምፁስ ምን ችግር አለው፤ ቀላል ነው» አለ አንድ ሰው።

ማነው ብዬ ቀና ስል ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ።

«እውነት ጋሼ? በድምፅ ይለያሉ?» አለች ትርሲት፣ ዓይኗ እያበራ።

በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓይኑ እያበራ ያየኝ ሰው ስለሌለ ማቆም አልቻልኩም። «ገጠር አይደል ያደግኩት» አልኩ። ተወልጄ ያደግኩት ልደታ ነው። ገጠርን የማውቀው ለለቅሶ ሄጄ ነው፤ ያውም ማታውኑ ተመልሻለሁ። በልጅነቴ የማውቃቸው ወፎች ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ ቁራ፣ እና ቁራ ያልሆነ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ቅዳሜ ስልጠና ተሰጠን። አሰልጣኛችንን ሁሉም ዶክተር ነው የሚለው፤ ገና ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር አጠገቡ ያለ ወፍ እንዳይበረግግበት የሚጠነቀቅ የሚመስል። ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረን። አንደኛው፣ አንድ ወፍ በተለያየ ቀን ከአንድ ቦታ ሆኖ ደጋግሞ ከዘፈነ እዚያ ጎጆ ሊኖረው ይችላል፤ ጥንድ ሆነው ከተሰሙ ደግሞ ማስረጃው ይጠነክራል። ሁለተኛው፣ ቅጹ ላይ «ታየ» እና «ተሰማ» የሚሉ ሁለት ረድፎች አሉ። «ያላያችሁትን ታየ፣ ያልሰማችሁትን ተሰማ እንዳትሉ» አለ። «ባዶ ቅጽ አያሳፍርም። የውሸት ቅጽ ግን የሌላውንም ሰው ሥራ ያበላሻል።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ እንዲያውም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

የደረሰኝ ክልል የገዛ ሰፈሬ ነው። ከልደታ ማርያም ግቢ ተነሥቶ፣ በጌጃ ሰፈር አቋርጦ፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሞቹ ጋ ያበቃል። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ለሁለት ሳምንት። አንድ ባይኖኩላር አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። አስቴር ስታየኝ «ወፎቹን ነው የምትቆጥር ወይስ ልትማርካቸው ነው?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብቼ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ቆሜ፣ ባይኖኩላሬን ወደ ጫፉ ቀሰርኩ። አንዲት ዋኔ ጭራሮ በአፏ ይዛ ታየችኝ። ጭራሮ መያዝ ማለት ጎጆ መሥራት ማለት ነው፤ ተምረናል። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ስከታተላት፣ አጠገቤ ያሉ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን ታየህ?» አሉኝ።

«ቀስ ይበሉ እማማ፣ አሁን ትጠፋለች» አልኳቸው።

በዕድሜዬ ከተናገርኩት ቃል ሁሉ እንዲህ የተሰማልኝ የለም። እማማ አማተቡ። ከጎናቸው ያሉት ሴትዮ «ምንድን ነው?» ሲሏቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። ከቅዳሴ ቀድሞ የመጣው ሁሉ አንድ በአንድ እየተጠጋ ያንጋጥጥ ጀመር። አንዷ እልል አለች። ዋኔዋ በድንጋጤ ጭራሮዋን ጥላ በረረች፤ ጭራሮው ሲወድቅ ሁለት ሰው ለማንሣት ተጋፋ። አንድ ዲያቆን ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጥቶ «ምንድን ነው ያዩት?» አለኝ።

«ዋኔ» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

«ዋኔ?»

«እየቆጠርኩ ነው።»

ዲያቆኑ ባይኖኩላሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሕዝቡን አየ። «ወንድሜ፣ ውጭ ሆነው ይቁጠሩ» አለኝ። እማማ ግን እስከ በሩ ሸኝተውኝ «ለሁሉ አይገለጥም» ብለው አጽናኑኝ።

ጌጃ ሰፈር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሰፈር ሁሉ ለልማት በሚነሣበት በዚህ ዘመን ደብተር ይዞ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየ፣ በአፉ ቁጥር እያጉተመተመ መንደር ውስጥ የሚዞር ሰው ለወፍ ነው የመጣው ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ሦስተኛው ቀን ላይ ከኋላዬ አሥር ሰው ይከተለኝ ነበር። አንዱ ወንበር አወጣልኝ። አንዷ «የኔን ቤት ሁለት በር አለው ብለህ ጻፈው፤ ያኛው ለጊዜው ነው የተዘጋው» አለችኝ። «ኧረ እኔ ወፍ ነው የምቆጥረው» ብዬ ብምልም፣ ብገዘትም አልሆነም። አንድ አዛውንት ሲያዳምጡኝ ቆይተው «እና ወፎቹም ይነሣሉ ማለት ነው?» ሲሉ፣ ሕዝቡ ጭራሽ ደነገጠ።

ይሄ ሁሉ ተችሎ ወፉ በተገኘ። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሁሉም የቀኑን ይልካል። በጉለሌ በኩል ያለው ክልል የደረሳቸው አቶ ደምሴ የሚባሉ ጡረተኛ፣ አንድ ቀን ግንደ ቆርቁር፣ አንድ ቀን ጉጉት ከነጫጩቶቹ፣ ፎቶ ጭምር ይልካሉ። እኔ እልካለሁ፦ ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ቁራ። በማግስቱ፦ ቁራ፣ ድንቢጥ፣ ዋኔ። ቅደም ተከተሉን ብቀያይረውም ወፎቹ አልለወጥ አሉ። በሰባተኛው ቀን ከወጣቶቹ አንዱ «ጀለሴ፣ ልደታ ወፍ የለም እንዴ?» ብሎ ጻፈ። አቶ ደምሴ የሚስቅ ፊት አስቀመጡበት። ያንን የሚስቅ ፊት አተኩሬ አየሁት፤ የኔ የመዝገብ ቤት አለቃ ፊት መሰለኝ።

እዚህ ላይ ሳልወድ በግድ የምናገረው አለ።

ጋሽ ተሰማን ስትሮክ የመታቸው ባለፈው ጥር ነው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ቃልም ጠፋቸው። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ «እስካሁን የት ነበረ?» ይሉኛል ብዬ ቀረሁ። ወር ሲሞላ ባዶ እጄን አልሄድም አልኩ። ሁለት ወር ሲሆን ብርቱካን ገዛሁና፣ በሁለት ወሩ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል ብዬ ቤቴ ወስጄ በላሁት። ጥየቃ እንደ ሊጥ ነው፤ ካሳለፉት ይሆመጥጣል። አስቴር በየሳምንቱ እሑድ ትሄዳለች። «አንተስ?» ስትለኝ ወሬ እቀይራለሁ። ኋላማ በደጃቸው ማለፍ ራሱ እያሳፈረኝ መጣ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ በር ላይ ቢያዩኝ ምን እላለሁ? ስለዚህ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ቀጭን መተላለፊያ እየዞርኩ መሄድ ጀመርኩ። በዚያ በኩል የሁሉም ሰው ጓሮ አንድ ነው፤ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ከአጥር በላይ ብቅ ያለ የኮክ ዛፍ። ከቆርቆሮው ወዲያ የማን ቤት እንዳለ አስቤ አላውቅም። እውነቱን ብናገር፣ ላለማሰብ ብዬ ነው በዚያ በኩል የምሄደው።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ፣ ከዚያ የኮክ ዛፍ ሥር ሰማሁት።

«ፊው… ፊው… ፊዩ።» ሁለቱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ትንሽ ዝም ይልና እንደገና። ቆምኩ። ድንቢጥ አይደለም። ዋኔ አይደለም። ቁራማ በጭራሽ አይደለም። ጥርት ያለ፣ ሰው አንጀት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት። በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቦታ ደገመው። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ መልስ ሰማሁ፤ ከፉጨቱ በኋላ ዝቅ ያለች፣ ለስላሳ «…ሉሁ፣ …ሉሁ» የምትል ድምፅ። ጥንድ! በደስታ አጥሩን ተደገፍኩ። «ተሰማ» የሚለው ረድፍ ላይ ሦስት ጊዜ ራይት አደረግሁ። ሰውዬው ስማቸውን በገዛ ቅጼ ላይ አትመው ሰጥተውኝ ነበር፤ አላነበብኩትም።

ለአስቴር ብነግራት ኖሮ በአንድ ቃል ታሳርፈኝ ነበር። ግን በነዚያ ቀናት እሷ ስለ ጋሽ ተሰማ ልታነሣ ስትል እኔ ወሬዬን ሁሉ አቁሜ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። እንዲህ ነው፤ ከነገር የሚሸሽ ሰው ነገሩ ላይ ነው ሄዶ የሚያርፈው።

ቅጂውን ግሩፑ ላይ ለቀቅሁት። ወፍ የለም ያለው ልጅ ዝም አለ። አቶ ደምሴም ዝም አሉ። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ራሱ ደወለልኝ።

«ሰማሁት» አለ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም። «ከማውቃቸው ከአንዱም ጋር አልገጠመልኝም። ጥንድ መሆናቸውስ እርግጠኛ ነዎት?»

«በሚገባ። ትመልስለታለች።»

«አይተውታል?»

ይሄውላችሁ፣ አለማየቴን ተናግሬ ወግ ማዕረጌን ይዤ ልወጣ የምችልበት በር ይሄ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «አላየሁም»። አፌን ከፈትኩ፤ የአቶ ደምሴ የሚስቅ ፊት ትዝ አለኝ።

«አይቻለሁ» አልኩ። «ብልጭ ብሎ። ትንሽ ነው፤ ቡናማ፤ ደረቱ ቢጫ።»

«ቢጫ ነው ወይስ ወደ ብርቱካን ያደላል?»

«ወደ ብርቱካን ብትለውም አትሳሳትም» አልኩ። ውሸታም ሰው ለጋስ ነው።

ቅጹን አስተካክዬ፣ «ታየ» የሚለውም ላይ ራይት አድርጌ፣ ፈርሜ ላክሁ። ዶክተር «ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን» አለ።

መጡም። ዶክተር፣ ትርሲት፣ አቶ ደምሴ፣ ሌሎች ሦስት አባላት። እኔ ሰባተኛ ሆኜ መራኋቸው። ጭቃ ነበር። ሁላችንም ጫማችንን እየነቀልን፣ በጣታችን እየሄድን፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተሰልፈን ገባን። አንደኛው በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ማይክሮፎን ይዟል። አቶ ደምሴ አዲስ ባይኖኩላር ገዝተዋል። ትርሲት በጆሮዬ «ጋሼ፣ ስምዎ ታሪክ ላይ ሊጻፍ ነው» አለችኝ። እኔ እንደሆንኩ ቢጫ ደረት ያለው ማንኛውም ነገር፣ ቢራቢሮም ቢሆን፣ ብቅ እንዲልልኝ ስለት እየተሳልኩ ነበር።

አሥራ ሁለት ተኩል። «ፊው… ፊው… ፊዩ።»

ዶክተር ዓይኑን ጨፈነ። ከአባላቱ አንዱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አቶ ደምሴ ትከሻዬን ጨበጡኝ፤ ከልባቸው ነበር። እስከ ዛሬ ያቺን ደቂቃ ሳስባት መጀመሪያ የሚሰማኝ ደስታ ነው፤ እሱ ነው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ።

«አሁን የራሱን ድምፅ እናሰማው» አለ ዶክተር፣ በሹክሹክታ። «ሌላ ወንድ የመጣበት መስሎት ይወጣል።» ከቦርሳው ትንሽ ድምፅ ማጉያ አወጣ። የኔን ቅጂ ከፈተው። «ፊው! ፊው! ፊዩ!» መተላለፊያው ሙሉ አስተጋባ።

ከውስጥ ያለው ፉጨት ቀጥ አለ። ከዚያ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ግን ፈጥኖ፣ ተሰባብሮ። «መለሰ! መለሰ!» አለ ማይክሮፎን የያዘው። ዶክተር አጉልቶ ደገመው። ከቆርቆሮው ወዲያ የሆነ ዕቃ ወድቆ ሲንኳኳ ተሰማ፤ ቀጥሎ የጓሮው በር ብርግድ አለ።

እትዬ ብርቄ ናቸው። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። «ተሴ! ተሴዬ! እንዴት ወጣህ?» እያሉ ጭቃው ላይ ወዲህ ወዲያ አዩ። ባላቸው ከአልጋ ተነሥተው፣ ውጭ ወድቀው የሚጠሯቸው መስሏቸው ነው። ባላቸውን ፈልገው ያጡት እትዬ ብርቄ እኛን አገኙ፤ ባይኖኩላር ያንጠለጠሉ ሰባት ሰዎች። ድምፅ ማጉያው በዶክተር እጅ ላይ እንዳለ «ፊው… ፊው… ፊዩ» አለ። ከኋላቸው፣ ከቤት ውስጥ፣ ያ ፉጨት መለሰለት።

እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ተረዱት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። «በባሌ ነው የምታሾፉበት?» አሉ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ በተሻለ። «ቃል ባይኖረው፣ የቀረችውን ፉጨት ነው የምትቀልዱባት?» ሁሉንም በዓይናቸው እየዞሩ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «አንተ? አንተ ነህ?»

«እትዬ… እኔ… ወፍ መስሎኝ…»

«ምን መስሎህ?»

«ወፍ።»

ከጣሪያው ላይ አንድ ቁራ ጮኸ፤ ማንም አልመዘገበውም።

ሌላ ሰው ቢሆኑ በድንጋይ ያባርሩን ነበር። እትዬ ብርቄ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው «ግቡ» አሉ። «አጥር ሥር ቆማችሁ ከምትሰሙት፣ ገብታችሁ እዩት።»

ከነጭቃችን ገባን። ጋሽ ተሰማ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈዋል። ከስተዋል። ከጎናቸው የስፌት መኪናቸው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። እኔን ሲያዩኝ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ስምንት ወር ሙሉ የፈራሁት ያንን ዓይን ነው፤ ቁጣ የለበትም፤ «መጣህ?» ብቻ ነው የሚል። በዚያ ክፍል ውስጥ ቃል የጠፋብን ሁለት ሰዎች ነበርን፤ የእሳቸው በሕመም ነው።

ዶክተር ነው የተናገረው። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ሁሉንም ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ወፍ እንደሚቆጥሩ፣ ድምፁን ሰምተው እንደመጡ፣ ሊያሾፉ እንዳልሆነ። «አባቴ፣ በጣም ይቅርታ። እርስዎን ወፍ ነዎት ብለን ነው።»

የጋሽ ተሰማ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ ብርቄ «አስለቀሳችሁት!» ብለው ተንደረደሩ፤ ጠጋ ብለው ሲያዩ ግን ሰውዬው እየሳቁ ነው። ድምፅ የለውም፤ በግማሽ አፋቸው፣ እንባቸው እየወረደ። በደህናው እጃቸው ዶክተር አትሞ ወደያዘው ወረቀት ጠቆሙ፤ አሳዩኝ ማለታቸው ነው። ዶክተር ቅጹን ለእትዬ ብርቄ ሰጠ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡላቸው።

«ተሰማ፣ አዎ። እሱስ እውነት ነው። ታየ፣ አዎ። መልክ…» ቆም አሉ። «ትንሽ። ቡናማ። ደረቱ ቢጫ።»

ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ዞሮ አየኝ።

«አይቻለሁ ብለውኝ ነበር» አለ ዶክተር። በቁጣ አይደለም፤ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገረው። ትርሲት ጫማዋን አየች። አቶ ደምሴ አዲሱን ባይኖኩላራቸውን ቀስ ብለው ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ሊከቱ ሞከሩ፤ አልገባ አላቸው። ምነው የእትዬ ብርቄ ወለል ተከፍቶ በዋጠኝ አልኩ። ሲሚንቶ ነው፤ አልተከፈተም።

«አላየሁም» አልኩ። ያቺን ቃል ማክሰኞ በስልክ ብናገራት በነጻ ነበረች።

ዶክተር እስክሪብቶ አውጥቶ የኔን ወረቀቶች አንድ በአንድ ሰረዛቸው፤ የሁለት ሳምንቱን ሁሉ። ዋኔዋም፣ ድንቢጦቹም፣ ቁራዎቹም አብረው ሄዱ። «አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውን ማመን አልችልም፤ ይቅርታ» አለኝ። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው፣ አስቡት።

ሊወጡ ሲሉ ትርሲት እትዬ ብርቄን «ያቺ የጠዋቷ ፉጨት ግን ምን ማለት ናት?» አለቻቸው።

እትዬ ትንሽ አፈሩ። «አንዷ ውሃ ናት። ሁለቷ አገላብጪኝ ናት። የጠዋቷ ግን… እኔ ቀድሜው ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ሲነቃ ካጠገቡ ያጣኛል። ‹አለሽ?› ነው የሚለኝ። ‹አለሁ፣ አለሁ› እለዋለሁ።»

እኔ ለዚያች ድምፅ ቅጹ ላይ የጻፍኩት «ክልሉን ለመከላከል የሚያሰማው» ብዬ ነው።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ጋሽ ተሰማን እጅ እየነሡ ወጡ። እኔም ከኋላቸው ሾልኬ ልወጣ ስል እትዬ ብርቄ «አንተ ቁጭ በል» አሉኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ ያዘጋጀኋቸው ምክንያቶች ነበሩኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። «ጋሽ ተሰማ፣ አፍሬ ነው የቀረሁት» አልኩ። «መጀመሪያ ሰነፍኩ፣ ከዚያ አፈርኩ።»

ደህናው እጃቸው ተዘርግቶ የኮቴን እጅጌ ያዘ። ይሄ ኮት ክረምት ላይ ሰንጋ ተራ፣ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፋሁት ነው። አቤት እግዚአብሔር፣ ለካ ይሄም አለ! በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ተከትለው እስከ ትከሻዬ ወጡ። ብብቴ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ገለበጡት። ገበሩን አዩት። ከዚያ እኔ ቀድቼው የማላውቀው፣ ረጅም፣ ወደ ታች የሚወርድ ፉጨት አፏጩ።

«ምን አሉ እትዬ?»

እትዬ ብርቄ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ይሄንን አልተረጉምልህም» አሉኝ።

ኮቱን አስወለቁኝ። እትዬ መቀሱን አቀበሏቸውና አንዱን ጫፍ ወጥረው ያዙላቸው፤ ጋሽ ተሰማ በአንድ እጃቸው የግራውን እጅጌ ክሩን እየመዘዙ ፈቱት። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። እኔ በሸሚዝ ተቀምጬ አየኋቸው። ሲጨርሱ እጅጌውን ትራሳቸው ሥር ከተቱትና የቀረውን ኮት መለሱልኝ። «እስኪሰፋ እዚሁ ይቆያል፤ እየመጣህ ልኩን ያይልሃል» አሉ እትዬ። የዚያን ቀን በፊት ለፊቱ በር ነው የወጣሁት፤ ባለ አንድ እጅጌ ኮት ለብሼ። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ነበር። ሁለት በር ጻፍልኝ ያለችው ሴትዮ «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። «ታማሚ ጠይቄ» አልኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያም ወዲህ በየጠዋቱ እሄዳለሁ፤ እንዴት እንደማገላብጣቸው እትዬ አስተምረውኛል፤ አንዷንና ሁለቷን ፉጨት እለያለሁ። በአንድ እጅ ስፌት ቀስ ይላል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መርፌ ከጠለቀ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ ቀን የትናንቱን አይወዱትና መልሰው ይፈቱታል። ኅዳር ገባ፤ ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። መሥሪያ ቤት «ኮትህስ?» ሲሉኝ «ልብስ ሰፊ ጋ ነው» እላለሁ። ትርሲት አሁንም ሰላም ትለኛለች፤ ስለ ወፍ ግን አታነሣብኝም።

ባለፈው ማክሰኞ የግራውን እጅጌ ጨረሱት። እትዬ አለበሱኝ። ትከሻዬ ላይ እንዴት እንደተኛ ብታዩት! ቀና ብዬ መስታወት ውስጥ አየሁና ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው መሰልኩ። አመሰገንኩ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ልነሣ አልኩ።

ጋሽ ተሰማ በደህናው እጃቸው የቀኙን እጅጌ ጨብጠው ያዙኝ። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ተከትለው እስከ ብብቴ ወጡ። እትዬ ብርቄ ሳይጠሯቸው መቀሱን ሊያመጡ ተነሡ።

ኮቴን አውልቄ ቁጭ አልኩ።